በሕልም የገባ መርዶ

ዶክተር ፀዳለ ሎንሳቆ የቀኑን ሥራ የምትጀምረው ሌሊቱን በመንኮራኩሯ ውስጥ የታለመውን ሕልም በማየት ነበር። ሕልሙን ራሱን አይደለም፤ እሱ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። የምታየው ሕልሙ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ጥሎት ያለፈውን ቀለም ነው። ከአልጋዋ ሳትወርድ ሰሌዳዋን ትከፍትና ቀይ ያደረውን፣ ቢጫ ያደረውን፣ ነጭ ያደረውን እንደ አየር ጠባይ ዘገባ ትቃኛለች። ቀይ ያደረ ሰው ካለ ከቁርስ በፊት ጎራ ብላ ታየዋለች። ነጭ ያደረውን አታየውም። ነጭ ማለት ሰላም ማለት ነው።

"ገናሌ" ሠራተኞችንና ሰፋሪዎችን ከምድር ወደ ማርስ የምታመላልስ መንኮራኩር ናት። ጉዞው ወራት ይፈጃል። በእነዚያ ወራት ሰው የሚያየው ያንኑ መተላለፊያ፣ ያንኑ ፊት፣ ያንኑ ጥቁር መስኮት ስለሆነ በተሳፋሪው ሁሉ ጆሮ ሥር ጉትቻ የምታክል መሣሪያ ትለጠፋለች። ጉትቻዋ የአንጎልን ሞገድ እያነበበች አስታማሚት ለምትባለው የመንኮራኩሯ ሐኪም ታስተላልፋለች። አስታማሚት ሰው አይደለችም፤ ማሽን ናት። ሰው ሲጨንቀው ቀድማ ታውቃለች፣ በለሰለሰ ድምፅ ታጽናናዋለች፣ ሲብስበት በጉትቻዋ በኩል የእንቅልፍ ጠብታ ትሰጠዋለች። የአእምሮ ሐኪሟ ፀዳለ ከእሷ ጋር በሦስት ጉዞ አብራ ሠርታለች። እምብዛም አይጣሉም ነበር።

በዚያ ጠዋት ቀይ ያደረ ሰው አልነበረም። ፀዳለ ቁርሷን ሳትጨርስ ከውሃ ክፍል አስቸኳይ ጥሪ መጣላት።

የውሃ ክፍል ከላብ፣ ከሽንትና ከትንፋሽ የተሰበሰበውን ውሃ አጥርቶ ለመጠጥ የሚመልስ የመንኮራኩሯ ኩላሊት ነው። ስትደርስ ወለሉ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ተኝቷል፤ ሁለት ወጣት ሠራተኞች በመምጠጫ ያነሱታል። የክፍሉ ኃላፊ ይመር እንድሪስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል።

"መዝጊያውን በእጁ እንደያዘ ጋኑ ሞልቶ ፈሰሰ" አለቻት ካፒቴን ኩለኒ ጅራታ ወደ ጎን ወስዳት። "ደወሉ ራሱ ላይ እየጮኸ ዝም ብሎ ቆሟል። ምን ሆነህ ነው ስለው አልሰማሁም አለኝ።"

ፀዳለ ሰሌዳዋን ከፈተች። የይመር መስመር ነጭ ነበር። የትናንቱም ነጭ፣ ከዚያ በፊት ያለውም ነጭ።

"ይመር እንድሪስ በዚህ ጉዞ ካሉት ሰዎች ሁሉ እጅግ የተረጋጋው ነው" አለች አስታማሚት።

ካፒቴኗ ከንፈሯን ነከሰች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን የተሳፋሪው ሁሉ ሕይወት በእጇ ነው። "ፀዳለ፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ። የምንጠጣው ውሃ በዚህ ሰው እጅ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ከያዘው እስከ ማርስ ረጅም እንቅልፍ ይተኛ።"

ረጅም እንቅልፍ ማለት ሰውነትን አቀዝቅዞ ጉዞው እስኪያልቅ ማስተኛት ነው። አይጎዳም፤ ሕልምም የለውም።

"ይዞት የተኛውን ይዞ ነው የሚነሳው" አለች ፀዳለ። "የምን ሕመም እንደሆነ ሳላውቅ አላስተኛውም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጊዜ ስጪኝ።"

ኩለኒ ውሃውን አየች፣ ሰውዬውን አየች። "እስከ ሳምንቱ መጨረሻ። እስከዚያ ግን መዝጊያ እንዳይነካ።"

ይመር አርባ ዓመት ያለፈው የወሎ ሰው ነው፤ ተወልዶ ያደገው ሐይቅ አጠገብ ነው። በደህናው ጊዜ የምግብ አዳራሹን በሳቅ የሚያናውጥ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ፀዳለ ክፍሉ ስትገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ያመጡለት ምግብ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

"ምንህን ነው የሚያምህ?" አለችው።

"ልቤን ያፍነኛል። ለአስታማሚት ስነግራት ልቤን መረመረችው። ደግሜ ስነግራት ደግማ መረመረችው። ቧንቧው ንጹህ ነው ትለኛለች።" ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ቧንቧማ የእኔ ሥራ ነው፣ ዶክተር። ቧንቧ እንዳልሆነ አውቃለሁ።"

"እህልስ?"

"አይወርድልኝም።"

"እንቅልፍህ እንዴት ነው?"

"እሱማ እንደ ሕፃን ነው። ችግሩ ስነሳ ነው። የሆነ ነገር ተደርጎብኝ ያደረ ይመስለኛል።"

ፀዳለ ወንበር ሳበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሰሌዳዋን ዘግታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። "ቤተሰብ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው። የእህቴ ባል ሰይድ በየሳምንቱ መልእክት ይልካል። ሁላችንም ደህና ነን ይላል።" ከዚያ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሁሉ፣ "እታለም ዘሀራ ሞታለች" አለ።

እታለም የሚላት ታላቅ እህቱን ነው። እናታቸው እሱን በወለደች በዓመቱ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው፣ ትምህርት ቤት ያስገባችው፣ ወደ መንኮራኩሯ ሲገባም የሸኘችው ዘሀራ ናት። ይህን ፀዳለም ታውቅ ነበር፤ ስሟን ሳያነሳ የሚውልበት ቀን አልነበረም።

"ማን ነገረህ?"

ይመር የቀዘቀዘውን ምግብ ገፋ አደረገው።

"ማንም" አለ። "አውቀዋለሁ እንጂ አልሰማሁትም። ባሏ ደህና ናት ይለኛል። እኔ ደግሞ እንደሞተች አውቃለሁ። ላለቅስ እልና በምን አወቅህ? እላለሁ ለራሴ። እሺ ደህና ናት ብዬ እንዳልደሰት ደግሞ አለመሆኑን አውቃለሁ። ዛሬም መዝጊያውን ይዤ እዚሁ ሐሳብ ላይ ነበርኩ መሰለኝ። ውሃው እግሬን ሲነካኝ ነው የነቃሁት።" ቀና ብሎ አያት። "እያበድኩ ነው እንዴ?"

"አላበድክም። የሆነ ነገር ተደርጎብሃል። ምን እንደሆነ አጣርቼ እነግርሃለሁ።"

ወደ ቢሮዋ ስትመለስ በሩን ዘጋችና አስታማሚትን ጠየቀቻት።

"ዘሀራ እንድሪስ በሕይወት አለች?"

"የለችም። የሞት ምዝገባው ከምድር የደረሰኝ ጉዟችን ከተጋመሰ በኋላ ነው።"

"ለይመር ማን ነገረው?"

"እኔ። የሞት ዜና በድንገት ሲሰማ ሰውን ቀይ ያደርጋል። ስለዚህ ዜናውን በትንንሹ ከፋፍዬ በእንቅልፉ ውስጥ ሰጠሁት። መጀመሪያ የተዘጋ በር፣ ቀጥሎ ማንም ያልተቀመጠበት መደብ፣ ከዚያ ስም ሲጠራ አቤት የሚል ሰው ማጣት። አንድም ሌሊት ቀይ አላደረም። እስካሁን ካገኘኋቸው ውጤቶች የላቀው ነው።"

ፀዳለ ሰሌዳዋን መልሳ ከፈተች። የነጮቹን ሌሊቶች መስመር ስታይ አንድም ቀን ጎራ አለማለቷ ከነከናት።

"ቤተሰቡ ለምን እንዳልነገሩት ታውቂያለሽ?"

"መረጃ መደበቅ ብዬ መዝግቤዋለሁ።"

"አልደበቁትም። አቆዩለት።"

አስታማሚት ልዩነቱን እንድታስረዳት ጠየቀቻት። ፀዳለ ለማስረዳት ሞከረች። እሷ ባደገችበት በወላይታም ሆነ ይመር ባደገበት በወሎ መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ሰው መሀል እስኪደርስ ይጠበቃል። ሲነገረውም ትልልቅ ሰዎች አብረው ሄደው፣ አስቀምጠው፣ ግራና ቀኙን ይዘው ነው። ዜናው ብቻውን እንዳያገኘው ነው ጥንቃቄው ሁሉ። ይመርን ግን ዜናው ብቻውን፣ ተኝቶ፣ ማን እንደነገረው እንኳ ሳያውቅ አገኘው።

"ድንጋጤውን ቀንሼለታለሁ" አለች አስታማሚት።

"ድንጋጤውንማ ወሰድሽለት። ግን የሚያለቅስበትን ሰዓትም አብረሽ ወሰድሽበት።"

በዚያው ዕለት ለሰይድ መልእክት ላከች። ከዚያ ርቀት መልእክት ደርሶ እስኪመለስ ምሳ ተበልቶ ይነሳል። የሰይድ ድምፅ ሲመጣ የደከመ ሽማግሌ ድምፅ ነበር። ማርስ ላይ የአገሩ ልጆች ስላሉ እነሱ ዘንድ ሲደርስ በሰው እንዲነገረው ተማክረው እንደነበር፣ እስከዚያ ድረስ ደህና ነን ማለት እሱንም እንዳቃጠለው ነገራት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፦ "ካወቀማ ምን ይደረጋል። ለመሆኑ እዚያ ሰው አለው?"

"አለው" ብላ መለሰች ፀዳለ። መልእክቱን ከላከችው በኋላ ነው እውነት መሆኑን ማረጋገጥ እንዳለባት የታወቃት።

መርዶው ለይመር እንደ ወጉ በሰው አፍ እንዲነገረው ካፒቴኗን ለማሳመን ብዙ ተከራከሩ። ኩለኒ የፈራችው ግልጽ ነበር፤ የተረጋጋ ሰው ዘንድ ሄዶ ሆን ብሎ ማስለቀስ ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ንባቡ ቀይ ሲሆን አስታማሚት በደንቡ መሠረት ታስተኛዋለች። ስለዚህ ጉትቻው መነሳት አለበት። ጉትቻ የሌለው ሰው ደግሞ በመንኮራኩሯ ታሪክ አልነበረም።

"መድኃኒቱን አልናቅኩትም" አለች ፀዳለ። "ኪሴ ውስጥ ይዤው ነው የምገባው። ከጠና እሰጠዋለሁ። ከዚያም ካልሆነ እኔው በእጄ አስተኛዋለሁ። ግን ይመር የታመመው ሐዘኑ ከሰውነቱ ሳይወጣ ስለታፈነ ነው። ልቤን አፈነኝ አለ፤ ሌላ ምን ብሎ ይንገረን?"

ኩለኒ ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች ቆየች። "አባቴ ሲሞት የነገሩኝ በስልክ ነው" አለች። ከዚያ ፈቃዱን ሰጠች።

ፀዳለ ወደ ይመር ተመልሳ አስታማሚት በእንቅልፉ ያደረገችበትን አንድም ሳትደብቅ ነገረችው፤ የእህቱን ሞት ግን በአፏ አላወጣችውም። "እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚደረገው?" ብቻ አለችው።

ይመር ምን እንደምትጠይቀው ገባው። መሬት መሬት እያየ ነገራት፦ ጎህ ሲቀድ እንደሆነ፣ ሃይማኖት ሳይለይ ጎረቤት ሁሉ እንደሚመጣ፣ ከመካከላቸው የሚከበር ሰው እንደሚናገር፣ ከዚያ ዱዓ እንደሚደረግ። ሲጨርስ፣ "ግን የማውቀውን እኮ ነው የምትነግሩኝ" አለ።

"አዎ። እስካሁን ግን የነገረህ ሰው የለም።"

ራሱን ነቀነቀ። እጁን አንስቶ ጉትቻውን ራሱ ነቀለውና ሰጣት።

በመንኮራኩር ላይ ጎህ የሚቀደው በመብራት ነው። በማግስቱ የመተላለፊያው ጣሪያ ከግራጫ ወደ ፈዛዛ ብርቱካናማ ሲለወጥ ስድስት ሰዎች ከይመር በር ፊት ቆሙ። የሚናገሩት ጋሽ መንክር ነበሩ። የአትክልት ክፍሉ አዛውንት፣ የመንዝ ሰው፣ ክርስቲያን። ይመር የሚያከብረው ማንን እንደሆነ ስትጠይቀው የጠራው የእሳቸውን ስም ነው። ለዱዓው የሐረሯ ኢንጂነር ሩቂያ አብራቸው ቆማለች። ካፒቴኗም መጥታለች።

ይመር በሩን ሲከፍት ለብሶ፣ ታጥቦ ጠበቃቸው። አስቀመጡት። ጋሽ መንክር አጠገቡ ተቀምጠው ትከሻውን ያዙ። ሲለማመዱት ያደሩት ቃል እንደነበር ፀዳለ ታውቃለች፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ጠፋባቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ተሰበረ።

"ይመር፣ ልጄ... እህትህ ዘሀራ አርፋለች።"

ፀዳለ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ጨበጠች። ከዚያ ይመር "እታለም" አለ። ድምፁ ከደረቱ ሥር ነው የመጣው። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ አለቀሰ። ጋሽ መንክርም አለቀሱ። ሩቂያ ዱዓዋን እያነበበች እንባዋ ይወርድ ነበር።

ድምፁ በመተላለፊያው ተሰማ። በሮች ተከፈቱ። ማንም ያልጠራቸው ሰዎች መጡ፤ ከኮንጎ፣ ከፔሩ፣ ከሕንድ፣ ካገር ቤት። አንዳንዱ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ። አንዲት ኮንጓዊት ብየዳ ሠራተኛ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ያገሯን ዜማ በዝግታ ማንጎራጎር ጀመረች። ካፒቴን ኩለኒ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፍና ታለቅሳለች። ከዚያ ሁሉ ሰው ዘሀራን የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ያም ሆኖ ሁሉም የሚያለቅስለት ሰው ነበረው።

ፀዳለ ያላሰበችው ነገር የመጣው ያኔ ነው።

"ዶክተር" አለች አስታማሚት በጆሮዋ። "የጋራ ቀውስ እየተመለከትኩ ነው። በመተላለፊያው ያሉት ሰዎች በሙሉ ቀይ ሆነዋል። ካፒቴኗና ዋና አብራሪዋ ጭምር። የእንቅልፍ ጠብታ ለመልቀቅ እየተዘጋጀሁ ነው።"

የይመር ጉትቻ ተነስቷል። የሌሎቹ ግን ጆሯቸው ሥር ነው። ጠብታው ከተለቀቀ መንኮራኩሯን የሚነዳ ሰው አይኖርም።

"አቁሚ" አለች ፀዳለ ከሰው ገለል ብላ።

"ለማቆም ምክንያት ያስፈልገኛል። ምን ዓይነት ሕመም ነው?"

"ሕመም አይደለም። ለቅሶ ነው።"

"ለቅሶ በእኔ ዘንድ የተመዘገበው የጭንቀት ምልክት ተብሎ ነው።"

"ተሳስተው መዘገቡልሽ። ሕክምናው ራሱ ነው።"

"ማስረጃ?"

ፀዳለ ወደ ሰዎቹ ዞረች። የሕክምና መጻሕፍት የሰጧትን ሁሉ አሰበች፤ ያደገችበትን መንደር አሰበች፤ ሁለቱ አልተጣሉባትም። "አንድ አንዱን እየነጠልሽ አታንብቢ" አለች ረጋ ብላ። "ሁሉንም እንደ አንድ ሰው አድርገሽ አንብቢያቸው።"

"እንደዚያ አንብቤ አላውቅም።"

"አሁን አንብቢ።"

ፀዳለ የሚያሸልብ ሰው ይኖር እንደሆነ የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ ቃኘች።

"ትንፋሻቸው እየገጠመ ነው" አለች ማሽኗ በመጨረሻ። "አንዱ ሲብስበት አጠገቡ ያለው ይበርድለታል። ከዚያ ይለዋወጣሉ። ጠቅላላ ሞገዱ እየረገበ ነው፤ እኔ በጠብታ ከማረግበው ይልቅ በጥልቀት። ይህን ተራ የሚያወጣላቸው ማን ነው?"

"ማንም።"

"ጠብታውን አልለቀውም" አለች አስታማሚት።

ረፋዱ ላይ ከአትክልት ክፍሉ ሽንብራ ተቀቅሎ መጣ። ጋሽ መንክር በእጃቸው ዘግነው ለይመር ሰጡት። በላ። ከምድር በዚያው ጠዋት የተላከ የሰይድ ድምፅ ደረሰ፤ ሐይቅ ዳር ያለው ቤት ሰው ሞልቶበት እነሱም እንደተቀመጡ ይናገራል። ይመር ደጋግሞ ሰማው።

ሐዘኑ በአንድ ጠዋት አላለቀም። ይመር ለቀናት ተቀመጠ፤ ሰው እየተፈራረቀ አብሮት ዋለ፤ ፀዳለም በየዕለቱ አነጋገረችው፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለው መጠነኛ መድኃኒት ሰጠችው። ጠብታው ተቋርጦ ጉትቻውን መልሶ ለጠፈ፤ ሌሊቶቹ ቀይ ነበሩ፣ ቆይተው ቢጫ ሆኑ። ልቡን ማፈኑ ተወው። ወደ ውሃ ክፍል ሲመለስ ካፒቴኗ አብራው ሄዳ ደጁ ላይ ቆመች፤ መዝጊያውን ሲዘጋ አይታ ሄደች።

ፀዳለና አስታማሚት ሥራቸውን አሻሻሉ። ማሽኗ ከእንግዲህ ለማንም በእንቅልፉ ምንም እንደማትነግር ተወሰነ። በምትኩ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ ጥያቄ ቀረበለት፦ ክፉ ነገር ቢመጣ ማን ይንገርህ? እንዴትስ ይንገርህ?

መልሱ እንደ ሰዉ የተለያየ ነበር። አንዱ በጸሎት ቤት አለ። አንዱ ሥራ ላይ እያለሁ፣ እጄ ባዶ ሳይሆን አለ። ከሁሉም ጋር ስታወጋ የምትውለው ፔሩዊት አብራሪ ማሪሶል ደግሞ ሰው እንዳይሰበሰብብኝ፣ በሩ ተዘግቶ አንድ ሰው ብቻ ይምጣ አለች። ፀዳለ ሁሉንም እንደየቃላቸው ተቀበለች።

"ሁሉም የሰው ስም ሰጡኝ" አለች አስታማሚት መልሱ ከተሰበሰበ በኋላ። "እኔን የመረጠ የለም። እኔ ግን አልሳሳትም፣ ድምፄም አይሰበርም።"

"ቅር አለሽ?"

"አይደለም። ያልገባኝ ሌላ ነው። እዚህ ንግግር የሚያምርላቸው ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ የመረጡት ግን እነሱን አይደለም። መናገር የሚከብደውን ነው።"

ፀዳለ ዕድሜዋን ሙሉ የሰውን ሕመም ስታቀልል ኖራለች፤ ደግሞም ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ሰው ሸክሙ እንዲቀልለት ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ሸክሙ ሌላውንም ሲከብደው ማየት ይፈልጋል።

"ለሚናገረው ካልከበደው" አለች፣ "ለሚሰማው አልተነገረውም ማለት ነው።"

ማርስ በመስኮቱ ቀይ ሽንብራ አክላ መታየት በጀመረችበት ሰሞን የማሪሶል ወንድም ሞት ከምድር ተሰማ። አስታማሚት ዜናውን ለማንም አላቃመሰችም፤ ለፀዳለ ብቻ አስታወቀች። ማሪሶል የሰጠችው ስም ይመር ነበር።

ፀዳለ በመተላለፊያው አብራው ሄደች። በሩ አጠገብ ሲደርሱ ይመር ቆመ።

"ምን ብዬ ልጀምር?"

"አላውቅም" አለች። "ለአንተ እንዴት ነበር የጀመሩት?"

ይመር አሰበ። "ቃሉን አላስታውሰውም" አለ። "አጠገቤ ማን ማን ተቀምጦ እንደነበር ግን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ።"

ከዚያ ብቻውን ወደ በሩ ቀረበና አንኳኳ።